የቡታ ራሺድ የበረዶ ሰው

የሰው ትልቅነት በምግባሩ ይለካል ይላሉ የጥንት ሰዎች። መኪና አልነበራቸውማ። በእኛ መንገድ ካለፈው ክረምት ወዲህ የሰው ትልቅነት የሚለካው በመኪና ኮፈን ነው።

ጣጣውን ያመጣው ጎረቤታችን ሞኔር ነው። ከሴሬስ ተራራ ሲመለስ በኮፈኑ ላይ አንድ የበረዶ ሰው አስቀምጦ መጣ። ኬፕ ታውን ውስጥ ይህን ያልሞከረ የለም፤ የሁሉም መንገድ ላይ ይቀልጣል፣ የሞኔር ግን እጁና እግሩ ባይለይም ደረሰ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ፎቶ ተነሣ። ፊት ለፊቱ የሚኖረው ቡታ ራሺድ («ቡታ» በእኛ ሰፈር «ጋሼ» እንደ ማለት ነው)፣ የመንገዳችን ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ በየሰርጉና በየለቅሶው ሳይጋበዝ ንግግር የሚያደርግ ታላቅ ሰው፣ ያን ቀን በረንዳው ላይ ብቻውን ቀረ። ከዚያ በኋላ እንቅልፉ እንቅልፍ አልሆነም።

ዘንድሮ ተራራው ነጣ የሚል ወሬ እንደተሰማ፣ ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስቦ ቆመ። ጉባኤው ሚስቱ ናጅዋ፣ አማቱ ማ ሩቄያና የሰባት ዓመት ልጁ ታስኒም ናቸው።

«ነገ የምናደርገው ጉዞ ተራ ሽርሽር አይደለም» አለ። «የቤተሰባችንን ክብር ወደ ነበረበት የመመለስ የአንድ ቀን ዘመቻ ነው።»

«በረዶ እንወራወራለን?» አለች ታስኒም።

«ከዋናው ተግባር በኋላ።»

«አንተን መምታት ይቻላል?»

«ጥያቄው ከዋናው ተግባር በኋላ ይታያል።»

«ልጅቷ በረዶ ነክታ አታውቅም፤ እሺ ብትላት ምን ይጎድልብሃል?» አለች ናጅዋ።

«እሺ አልኩ እኮ!» አለ ቡታ ራሺድ። አላለም፤ ግን ሊቀመንበር ሲዋሽ አቋም ገለጸ ነው የሚባለው።

ሲነጋ ማ ሩቄያ የበግ ሥጋና ሩዝ አብሮ የበሰለበትን የአክኒ ድስት በጋዜጣ፣ በጋዜጣው ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልላ መጣች።

«ማ፣ ድስቱ ይቅር፤ ቦታ ያጣብባል» አላት።

«እሺ፣ እኔም ልቅርልህ።»

ድስቱ ሄደ፤ ያውም ከፊት ወንበር፣ ማ ሩቄያ ጉልበት ላይ።

ተራራው ላይ ግማሹ ኬፕ ታውን ወጥቷል። አስተዋይነት የጎደላቸው ቤተሰቦች በሰፌድና በትሪ ላይ ተቀምጠው ይንሸራተታሉ፣ ይንከባለላሉ፣ ይሳሳቃሉ። የቡታ ራሺድ ቤተሰብ ግን ሥራ ላይ ነበር። ናጅዋ በባልዲ በረዶ ታመላልሳለች፤ እሱ ኮፈኑ ላይ ይለጥፋል፤ ከለጠፈው በላይ ያዛል። ታስኒም አንዲት ኳስ አድቦልቡላ ክንዷን ወደ ኋላ ሳበች።

«ወዲህ በያት! ሆዱ ጎድሏል።»

«አባዬ፣ ይቺን ብቻ!»

«በጋራ ሀብት አይቀለድም» አለና ተቀብሏት የበረዶ ሰውየው ሆድ ላይ ለጠፋት። ሁለተኛዋም ወደ ሆድ ሄደች። ሦስተኛዋ አፍንጫ ልትሆን ነበር፤ ካሮት ስላለ አንገት ሆነች። ልጅቷ አራተኛ አልሠራችም። መኪናው ጥግ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ማ ሩቄያ ይህን ሁሉ አየች። አክኒው ተበልቶ ሲያልቅ «ድስቴን ልጠብ» ብላ ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ ድንጋዮቹ ማዶ ወረደች። ሲመለሱ ድስቱ እንደ ጠዋቱ ተጠቅልሏል።

«ማ፣ ባዶ ድስት ምን ይጠቀለላል?»

«ብርድ አይወድም» አለችው።

የበረዶ ሰውየው ከሞኔሩ የበረዶ ሰው በአንድ ራስ በለጠ። ቡታ ራሺድ ለንግግር ቀን ብቻ የሚያደርጋትን፣ ፌዝ የምትባለውን ባለዘርፍ ቀይ ቆቡን አወጣና ደፋለት። ከዚያ ስልክ ደወለ፤ ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ወጥቶ እንዲጠብቅ፣ በተለይ ሞኔር እንዳይቀር።

«እንግዲህ እንወራወር!» አለች ታስኒም።

«ዋናው ተግባር የሚያልቀው ቤት ስንደርስ ነው። ግቡ!»

ሙቀት የሰውየው ጠላት ስለሆነ የመኪናው ማሞቂያ ታገደ፤ መስኮቶቹ ሁሉ ወረዱ። ሰውየው ፊት ለፊት ስለጋረደው ቡታ ራሺድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ።

«ኧረ ራሺድ፣ በአላህ! ጥርሴ ሊረግፍ ነው!» አለች ናጅዋ።

«ብርድ ያልፋል፤ ፎቶ ይኖራል።»

ሁሉም ነገር ታስቦበታል። ያልታሰበው ከኮፈኑ ሥር ሞተር መኖሩ ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ የሊቀመንበር ትእዛዝ አይሰማም።

«አጠረ» አለች ናጅዋ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ።

«ይዞታውን እያስተካከለ ነው።»

«አሁን ተቀመጠ።»

«መንገዱ ረጅም ነው፤ ይረፍ።»

«ራሺድ፣ ተኛ እኮ!»

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ቡታ ራሺድ ሳይቸኩል ፈሰሰበት፣ የሚለቅመውም አልተረፈለትም።

መንገዳችን ጢም ብሏል። መኪናው ሲቆም ኮፈኑ ላይ አንድ የራሰ ቆብና አንድ ካሮት ነበሩ። ቡታ ራሺድ ወረደ፤ ቆቡን አነሣና፣ የት እንደሚያደርገው ቢጠፋው፣ ራሱ ላይ ደፋው። ካሮቱን በእጁ ያዘ። ማንም አልሳቀም፤ ይሄ ደግሞ ባሰ። እውነቱን ለመናገር ማልቀስ አማረው። ማልቀስ ግን አልለመደም፤ የለመደው ንግግር ነው።

«የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣ ጉዞው በመርህ ደረጃ ተሳክቷል። በረዶው በከፊል፣ በፈሳሽ መልክ...»

«ታስኒም፣ ነይ ድስቱን ክፈቺ» አለች ማ ሩቄያ።

ብርድ ልብሱ ተፈታ፣ ጋዜጣው ተገፈፈ፣ ክዳኑ ተነሣ። እስከ አፉ በረዶ! ሙቀት የሚያቆይ ብርድ ልብስ ቅዝቃዜም ያቆያል። የሰፈሩ ልጆች እልል አሉ፤ ቡታ ራሺድም ነፍሱ መለስ አለች።

«ይኸውላችሁ! አስቀድሞ በታቀደው መሠረት የተያዘ መጠባበቂያ! ማንም እንዳይነካ!»

«አባዬ» አለች ታስኒም፣ እጇን ድስቱ ውስጥ ከትታ፣ «ቤት ደርሰናል አይደል?»

«ደርሰናል።»

«ዋናው ተግባር አለቀ?»

«አልቋል፣ ነገር ግን...»

ጧ! መላ ፊቱን።

ፊቱ ነጭ፣ ቆቡ ቀይ፣ ካሮቱ በእጁ፣ አፉ እንደተከፈተ ድርቅ ብሎ ቆመ። ስልኩን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ሞኔር ከሕዝቡ ወጥቶ ቀረበ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ጊዜ በዝግታ ዞረው፤ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ቡታ ራሺድ» አለ በትልቅ አክብሮት፣ «አሸነፍከኝ። የእኔው ንግግር አያውቅም ነበር።»

ቡታ ራሺድ ለማመስገን አፉን ሲከፍት ሁለተኛዋ ኳስ ደረሰች።