ባር ባር የሚለው ሰው ፍለጋ

በዚህ አገር «ደህና ነኝ» ብሎ ከሚመልስ ሰው የባሰ በሽተኛ የለም። አትቆጡኝ… እስቲ ትናንት ስንት ጊዜ «ደህና» እንዳላችሁ ቁጠሩና ከዚያ ውስጥ ስንቱ እውነት እንደነበር ለራሳችሁ ብቻ በሹክሹክታ ንገሩት። እኔ አልሰማም። ይህን የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ የረድኤት ድርጅት የሠራተኞች የአእምሮ ጤናና ደኅንነት ድጋፍ ኃላፊ ነኝ። ማዕረጉ ረጅም ነው፤ ባጄ ላይ ሁለት መስመር ፈጅቷል። ባጭሩ፣ የተቸገረ ሲረዱ ውለው ራሳቸው የሚቸገሩትን የምረዳ ሰው ነኝ። አንተንስ ማን ይረዳሃል እንዳትሉኝ፤ ያ ጥያቄ ባጁ ላይ ቦታ አላገኘም።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ክፍል ሰጥቶኛል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ለሚያለቅስ ሰው የሚሆን አንድ ካርቶን ሶፍት። በሩ ላይ «የምክር ክፍል» ብዬ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት እጮኛሞች የጋብቻ ምክር የሚሰጥበት መስሏቸው ገብተው ተቀመጡ። ምን ላድርግ፣ መከርኳቸው፤ ተጋብተዋል፤ እስካሁን የተሳካልኝ ሥራ እሱ ነው። ከባልደረቦቼ ግን በዚያ በር ችግሩን ይዞ የገባ የለም፤ የገባ «ታሟል» ይባላላ! የሚገቡት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ነው፤ የማይቆራረጥ ሶኬት ያለው እኔ ክፍል ብቻ ነው። ሶፍቱንም የጨረሰው የራሴ ጉንፋን ነው።

በዚህ ክረምት ደጋው ላይ በአንድ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ ቤቶችን ከነሰዎቹ ወሰደ። ሦስት ሳምንት እዚያ ከረምን። ባልደረቦቼ ድንኳን ተከሉ፣ ብርድ ልብስ አደሉ፣ በእጅ ከሚቆፍሩት ዘመዶች ጋር አብረው ቆፈሩ። እኔም ነበርኩ። ስለዚያ ቦታ ቀልድ የለኝም፣ እናንተም አትጠብቁ። ያየነውን አይተን ተመለስን።

በተመለስን ማግስት ሥራዬን ጀመርኩ። እየዞርኩ እንዴት ናችሁ አልኩ። ሁሉም «ሳሮ» አሉኝ። ሳሮ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው፤ ሰላምታውም ሳሮ፣ መልሱም ሳሮ። በአማርኛችን «ደህና» እንደምንለው መሆኑ ነው፤ ቤቱ እየተቃጠለበትም ሰው ሳሮ ነው። በሳሮ መንገዱ ሲዘጋብኝ ደጋው ላይ ሳለን ያዘጋጀሁትን ብልሃት አወጣሁ፦ ስም የማይጻፍበት፣ በስልክ የሚሞላ ቅጽ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ሰው ሲያነጋግርዎ ምን ይሰማዎታል? የሚያስፈራዎ ነገር አለ? መሥራቱን ከመስክ ስንመለስ መኪና ውስጥ ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ከዚያ ለሃያ ሁለት ባልደረቦቼ ላክሁ።

ሃያ ሦስት መልስ መጣልኝ። ኔትወርኩ አንዱን ሁለት ጊዜ ልኮት ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ የእኛን ኔትወርክ የሚያውቅ አይፈርድብኝም። ሃያ ሁለቱ «ደህና»፣ «ሳሮ»፣ «ጌታ ይመስገን» ይላሉ። አንዱ ብቻ እንዲህ ይላል፦ «እንቅልፌ ከሁለት ሰዓት አይዘልም። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ እወጣለሁ። ዝናብ ሲጀምር ሆዴን ባር ባር ይለኛል።»

ደነገጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ። ይህ ሰው ከመካከላችን ነው፤ አብሮን ምሳ ይበላል፣ ማንም አያውቅለትም። ደግሞ አማርኛው እንዴት ያምራል! ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ምነው በቅርብ ባወቅሁት አልኩ። ከዚያ ሮጬ አለቃችን ዘንድ ገባሁ። አለቃችን ከሐዋሳ ተመድበው የመጡ፣ ነገር የማይረዝምባቸው ሴት ናቸው።

«በመካከላችን አንድ ሰው እየሰጠመ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማነው?»

«ስም የለውም። ግን አገኘዋለሁ።»

«አንተስ? አንተም እዚያው ነበርክ እኮ። እንዴት ነህ?»

«እኔ? ደህና ነኝ… ይቅርታ፣ ስልክ ተደወለልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ፍለጋውን ከዕቃ ግምጃ ቤት ጀመርኩ። ግምጃ ቤቱን የያዘችው ታደለች ናት፤ የአረካ ልጅ፣ ያለ ፊርማ እስክሪብቶ እንኳ የማታወጣ። «እህት ታደለች፣ ዝናብ ሲዘንብ ምን ይሰማሻል?» አልኳት በለሰለሰ የባለሙያ ድምፅ።

«ጣሪያው ያፈሳል» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ማን ይሰማል?»

እሷ አይደለችም። ወደ ሾፌራችን ወደ ጋሽ አንጁሎ ሄድኩ። ጋሽ አንጁሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ደጋው ላይ ከመሪው ይልቅ አካፋ ይዞ የቆየበት ሰዓት ይበልጣል። የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ አንገቱን አስገብቶ አገኘሁት።

«ጋሽ አንጁሎ፣ እንዲያው… ሆድህን ባር ባር ይልሃል?»

ቀና አለ። «ምን ይለኛል?»

«ባር ባር።»

«ወንድሜ፣ እኔ ባር አልገባም። ጌታን ካገኘሁ አንድ ቀን አልገባሁም። ሚስቴ ያውቃል፣ ምእመኑ ያውቃል።»

«የመጠጡ ባር አይደለም።»

«ሌላ ባር አለ?»

«ሆድ ውስጥ ነው።»

«መጠጥስ የት ይገባል?» አለና ኮፈኑን ዘጋው።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ባር ባር ማለት ለእኔ ከእናቴ ጓዳ የወጣ ቃል ነው፤ ስሙን የማታውቁት ስጋት ሆዳችሁ ውስጥ ሲመላለስ ማለት ነው። ሶዶ ላይ ግን አማርኛ የቢሮና የገበያ ቋንቋ ነው፤ ሰው ሆዱን የሚያወራው በወላይትኛ ነው። የሰውን የሆድ ነገር እጠይቃለሁ ብዬ በማያውቀው ሆድ ጠየቅሁት። ይህ ግን የገባኝ ኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ ጋሽ አንጁሎም አለመሆኑ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ያምርልኝ ጀመር። ጥበቃችን ሲጨብጠኝ ጎንበስ ብሎ ወደ አፌ ይጠጋል። ታደለች የማታውቀውን ልግስና አምጥታ በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ ላይ ለስላሳ ታስቀምጥልኛለች፤ «ይኼ ይሻልሃል» ትለኛለች። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ልወጣ ስል «የት ነው?» የማይለኝ የለም። ሠራተኛው መቀራረብ ጀመረ፣ ሥራዬ ፍሬ አፈራ ብዬ ለአለቃችን ሪፖርት ጻፍኩ! ሐሙስ ዕለት በግምጃ ቤቱ በኩል ሳልፍ ተሰብስበው ይጸልያሉ። ወላይትኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ግን «ባር» የሚል ቃል ደጋግሜ ሰማሁ። ለዚያ ላልታወቀው ሰው እየጸለዩ ነው ብዬ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። ኮፍያዬን አውልቄ በር ላይ ቆምኩና እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

ዓርብ አለቃችን ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰቡን። ቅሬታ ደርሷቸዋል፦ የደኅንነት ኃላፊው ባር የሚገባ ሰው እያደነ ነው። ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። «ባር ባር» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፣ በጎኑ ጠርሙስ ስዬ በኤክስ ሰረዝኩት። ቃሉ ስጋት ማለት እንደሆነ አስረዳሁ። ከዚያ ስልኬ ቻርጅ ላይ ስለነበር የሰውየውን መልስ በቃሌ አነበብኩላቸው። አንድ ፊደል አልሳትኩም። የማላውቀውን ሰው ጽሑፍ እንዲህ በቃሌ መያዜ እንኳ አልደነቀኝም።

«ይህ ሰው እዚህ ተቀምጧል» አልኩ። «እንዲናገር አላስገድደውም። ብቻውን አለመሆኑን ግን ይወቅ።»

 ሁሉም እኔን ያያሉ። ያን ጊዜ ዝናቡ መጣ፤ የሶዶ ክረምት ነውና ሲመጣ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደረሰ።

ጋሽ አንጁሎ ከወንበሩ ተነሣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ዝናብ መጣ። እንዴት ነህ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ… ይቅርታ፣ አንዴ ስልክ…» ብዬ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ወደ በሩ ተራመድኩ። «ሃሎ» አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ጆሮዬ ላይ የያዝኩት የሰሌዳ ማጥፊያ መሆኑን አየሁ።

አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«ስንመለስ መኪና ውስጥ አንተ ሞላኸው» አለ ጋሽ አንጁሎ። «ጮክ እያልህ። ኔትወርክ የለም አልህ፣ ተኛህ። አረካ ስንገባ ስልክህ ጢው አለ፣ መልሱ ሄደ።»

«ታዲያ ሳምንት ሙሉ ስፈልግ ለምን አልነገርከኝም?»

«ባር የሚለውን እኔ መጠጥ ብዬ ሰማሁ። መጠጥ ጀምሯል፣ አፍሯል፣ ሰው ላይ እየፈለገ ነው አልን። የወንድምን ገመና አደባባይ ላይ ማውጣት ነውር ነው። ጸለይን።»

ለካ ሐሙስ ዕለት አሜን ያልኩት ለራሴ ኖሯል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚሉት እንደኔ ያለውን ነው። ሦስት ሳምንት ደህና እንቅልፍ ያልተኛ ሰው የገዛ ጽሑፉን ቢረሳ አይገርምም፤ የሚገርመው የማላውቀው ሰው ነው ብዬ ስሰጋለት አልቅስ አልቅስ ያለኝ እኔ፣ ራሴ መሆኔን ሳውቅ መጀመሪያ ማፈሬ ነው። አፈርኩ፣ ከዚያ እዚያው በሩ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ታደለች ተነሥታ ወጣችና ዝናቡን ሰንጥቃ አዲስ ካርቶን ሶፍት ይዛ ተመለሰች። እጄን ዘረጋሁ።

«መጀመሪያ ፈርም» አለችኝ። ፈረምኩና አለቀስኩ።

አለቃችን ሁለት ዓመት ያልነካሁትን የዓመት ፈቃዴን ያንኑ ቀን ሞሉልኝ። ሰኞ ጋሽ አንጁሎ ቦዲቲ የሚያደርሰው ዕቃ ስለነበረው፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ እዚያ እንድይዝ ይዞኝ ወጣ። ከሶዶ እንደራቅን ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የመስታወቱን መጥረጊያ አስነሣ። እኔ ሆዴን ያዝኩ።  ድንገት መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ወደ ፊት እያየ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ ደጋው ላይ የዚያች ልጅ ጫማ… እኔ ነኝ ከጭቃ ያወጣሁት። ዝናብ ሲመጣ ያ ጫማ ይመጣል።» ወደ እኔ ዞረ። «እኔም ባር ባር ይለኛል።»

አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍል፣ በዚያ ሶፍት ስጠብቀው የነበረው ቃል በጎማና በናፍጣ ሽታ መሐል መጣልኝ።  እጁን ያዝኩት።

ስልኬ ጮኸ። በእናቴ እምላለሁ፣ የእውነት ተደውሎልኝ ነው።

«አታነሣም?» አለኝ ጋሽ አንጁሎ።

«ይጥራ» አልኩት። «ሁለታችንም ባር ላይ ነን።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ዓይኑን እየጠረገ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ በጎናችን ሰው ሲያልፍ አየና መስኮቱን ቶሎ ዘጋው፤ ቦዲቲ የሚያውቀው ምእመን ብዙ ነው።