በእሾህ የወጣ ቃል

ጆሮ ያለህ ጆሮህን አቁም፣ ጅራት ያለህ ጅራትህን ሰብስብ፤ ሁለቱም የሌለህ እንደምንም ብለህ ስማ። ድሮ፣ እንስሳት ጦርነትን ከሰው ገና በተማሩበት ዘመን፣ በአንድ የተራራ ጫካ ውስጥ ወጋየሁ የሚባል ጃርት ይኖር ነበር።

ወጋየሁ ሥራ ሥር ቆፍሮ የሚበላ፣ ማንንም የማይነካ ፍጥረት ነበር። ጉባኤ ሲጠራ ከሁሉም ኋላ ይቀመጣል። ኋላ የሚቀመጠው ትሑት ሆኖ አይደለም፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ስለጠፋ ነው። አንድ ጊዜ የሜዳ አህያ ሳታየው ቁጭ ብላበት ብዙ ቀን ቆማ ነው የዋለችው።

በዚያ ዘመን የተራራው እንስሳት ከሸለቆው ጅቦች ጋር በአንዲት ምንጭ ምክንያት ይዋጉ ነበር። ምንጯ ከደረቀች ቆይታለች። ሆኖም «ደረቀች ብሎ ውጊያ ማቆም ለአንበሳ ክብር አይመጥንም» ስለተባለ ውጊያው ቀጥሏል።

አንድ ቀን ለጥበቃ የወጡ ድኩላዎች አንድ ጎረምሳ ጅብ ከቁጥቋጦ ሥር አጥንት ሲፈልግ አገኙና በሐረግ ጠፍረው ጉባኤው ፊት አቀረቡት። ስሙ ምግባሩ ነው።

«ወገኖችህ መቼ ነው የሚመጡት? በየት በኩል?» ሲል አንበሳ ጠየቀው።

«አይመጡም ጌታዬ» አለ ምግባሩ። «ታች ቆላ ውሃ ተገኘና ሁሉም ወደዚያ ወረዱ። እኔ እናቴ መራመድ ስላቃታት ከእሷ ጋር ቀረሁ። ጦርነቱ እኮ አልቋል፤ አልሰማችሁም እንዴ?»

 የአንበሳ ፊት ጠቆረ። ጦርነት አለቀ ሲባል ማን አሸነፈ ሊባል ነው? ለድሉ ቀን ብሎ ያሳደገው ጎፈርስ?

አማካሪው ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ። «ጌቶቼ፣ ጠላት በፈቃዱ የተናገረው እውነት ሆኖ ያውቃል? እስቲ ጅቦቹ ነገ ሊመጡብን ነው እንበል። ይህ ጎረምሳ መንገዳቸውን ያውቃል እንበል። ልጆቻችሁ ተኝተዋል። የእሱ ቆዳ ይበልጥባችኋል ወይስ የልጆቻችሁ ሕይወት?»

ልጆቻቸው እዚያው አጠገባቸው እየተላፉ ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም አለቀሱ።

«ሕጋችን ግን ምርኮኛ መንከስን ይከለክላል» አለች ኤሊ ቀስ ብላ።

«ስለ መንከስ ማን አወራ?» አለ ቀበሮ። «ስለ መውጋት ሕጉ ያለው ነገር የለም። እኛም ብንሆን መውጋት አንለውም። የማስታወስ እርዳታ ነው የምንለው።»

ኤሊ መልሷን አስባ እስክትጨርስ ድምፅ ተሰጥቶ አልቋል። አንበሳም ተስማማ፤ ኋላ «እኔ አላየሁም» ማለት እንዲችል ብቻ ፊቱን ወደ ዛፍ አዞረ።

«እሾህ ያለው ማን ነው?» ተባለ። በዚያ ጫካ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው ወጋየሁን አዩት።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ደስ አለው። «ኑ እንጂ አቶ ወጋየሁ፣ እዚህ ይቀመጡ» እያሉ ቦታ ለቀቁለት። እስከዚያች ቀን ድረስ «ዞር በል» እንጂ «ይቀመጡ» ብሎት የሚያውቅ አልነበረም። ደረቱን ነፍቶ ወደ እስረኛው ሄደ፤ ጀርባውን አዙሮም ጎኑ ላይ ወጋው።

ጅቡ ሳቀ።

ጉባኤው በቁጣ ተነሣ። «ይሳለቅብናል! ድገመው!» ወጋየሁ ደገመው። ጅቡ የባሰ ሳቀ፤ ሳቁ በተራራው አስተጋባ። «አያችሁ ንቀቱን!» አለ ቀበሮ።

የተራራው እንስሳት ጅብ ሲያመውና ሲፈራ የሚያወጣው ድምፅ እንደዚያ መሆኑን አያውቁም። ከየት ያውቁታል? የታመመ ጅብ አጠገብ ቆሞ የሚያውቅ የለማ። ወጋየሁ ግን ቅርብ ነበርና ዓይኑን አየው። የሚስቅ ዓይን አልነበረም። እንባው በአፍንጫው ጎን እየወረደ ከምራቁ ጋር ይቀላቀላል። ወጋየሁ ይህን አየና ምን አደረገ? ወደ ኋላ ቢመለስ የሚጠብቀው የኋላው መቀመጫ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ጨፍኖ ወጋ።

አመሻሹ ላይ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ማንጠግቦሽ የጉድጓዱ በር ላይ አፈር ትጠርጋለች።

«ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለችው።

«ጥያቄ ስጠይቅ።»

«ጥያቄ ስትጠይቅ ነው እሾህህ ላይ ደም የቀረው?»

ወጋየሁ የቀበሮን ንግግር አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ነገ ሊመጡ ነው እንበል፣ ልጆቻችን ተኝተዋል እንበል፣ ሁሉንም አለ። ማንጠግቦሽ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ጅቡ ምን አላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«የሚመጣ የለም ነው የሚለው።»

«ታዲያ?»

«አላመንነውም።»

«ምን ቢላችሁ ነበር የምታምኑት?»

ወጋየሁ እሾሁ ላይ የቀረውን ደም አፈር ላይ ይጠርግ ጀመር። እሷም መጥረጊያዋን ጥላ፣ «እሾህ የተሰጠን ለሚመጣብን ነው አንተ! ታስሮ ለተቀመጠ ነው እንዴ?» አለችና ልጆቿን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ዕለት ከእሷ ጎን የሚተኛበት ቦታ አልነበረውም።

በማግሥቱ ምግባሩ እግሩ አብጦ፣ ድምፁ ሰልሎ ነበር። ወጋየሁም ደክሞታል፤ ነገሩ ቶሎ አልቆ ወደ ቤቱ ቢሄድ ነው የሚመኘው። «በየት ነው የሚመጡት? በቀርከሃው በኩል ነው?» አለው፣ ቀርከሃው ከፊት ለፊቱ ስለሚታየው ብቻ።

የጅቡ ጆሮ ቆመ። «አዎ! በቀርከሃው በኩል!»

ጉባኤው ተንጫጫ። «ስንት ናቸው?» አለ ቀበሮ።

«ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው?» አለ ምግባሩ።

ወጋየሁ ጠጋ ሲል ጊዜ ጅቡ ጥያቄውን ራሱ መለሰ። «ብዙ ናቸው! እልፍ! አጎቴ ነው የሚመራቸው! ነገ ጎሕ ሲቀድ! አሁን እንኳ ቀርከሃው ውስጥ ተደብቀዋል!» ምናቡ አንዴ ከተከፈተ የሚያቆመው ጠፋ፤ ስለ አጎቱ ቁስልና ስለ ጥርሱ አበቃቀል ሳይቀር ተናገረ። እውነቱን ሲነግራቸው በሁለት ቃል ነበር የጨረሰው።

«አያችሁ፣ ዘዴው ይሠራል» አለ ቀበሮ። ወጋየሁ «ዋና አስታዋሽ» ተብሎ ተሾመ፤ አንገቱ ላይም የአበባ ጉንጉን ገባለት። አበባው ወዲያው እሾሁ ላይ ተሰካክቶ ቀረ።

በማግሥቱ የተራራው ጦር ጭጋጉን ተገን አድርጎ ወደ ቀርከሃው ተንቀሳቀሰ። ዋና አስታዋሹም ለክብር ከአንበሳ ቀጥሎ እንዲሄድ ተደረገ። ቀርከሃው ውስጥ የሚንኮሻኮሽ፣ የሚያጉረመርም ነገር ይሰማል። አንበሳ አገሣና ዘለለ፤ ነብሩም፣ ጎሹም ተከተሉት።

ጭጋጉ ሲገፈፍ መሬት ላይ የተዘረሩት ከርከሮዎች ነበሩ። ከርከሮዎች የተራራው ወዳጆች ናቸው። እናቶችና ግልገሎች ከጦርነቱ እንዲርቁ ብሎ ወደ ቀርከሃው የላካቸው አንበሳ ራሱ ነበር። ጅብ የሚባል አንድም አልተገኘም። አንዲት እናት ከርከሮ የሞተ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች፣ «ተነሣ እንጂ፣ ተነሣ» ትለዋለች።  ወንዶቹ ከርከሮዎች ይህን ሲሰሙ ክራንቻቸውን አሹለው ወደ ዱር ገቡ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወዳጅ መሆናቸው አበቃ።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ተጠራ። ቀበሮ ፊቱ ላይ ምንም ኀፍረት አልነበረም። «እስረኛው ጠላት ቀርከሃው ውስጥ ተደብቋል ብሎን ነበር። ሄድን፤ ጠላት አገኘን። ጅቦች ናቸው ብለን ስናስብ ለካ ከርከሮዎች ኖረዋል። ቃሉ ትክክል ነበር ማለት ነው!»

ብዙዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ወጋየሁ ግን ተነሣ። 

«ቀርከሃ የሚለውን ቃል አፉ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጅቡ መጀመሪያ የነገረን እውነት ነበር። የሚመጣ አልነበረም። እነዚያን ግልገሎች የገደልናቸው እኛ ነን።»

 ቀበሮ በትሕትና ጠየቀው፦ «አቶ ወጋየሁ፣ ይህን እንዲናገሩ ያስገደደዎት አለ?»

«ማንም የለም።»

«ምንም ሳይደረጉ፣ ሳይወጉ፣ እንዲሁ ከሜዳ ተነሥተው ነው የተናገሩት?»

«አዎ።»

ቀበሮ ወደ ጉባኤው ዞረ። «ጌቶቼ፣ እንዲህ ያለውን ቃል እንዴት ልናምን እንችላለን?»

ድኩላዎቹ ወጋየሁን በጀርባው ገልብጠው ያዙት። ከገዛ እሾሆቹ አንዱን ነቀሉና አፍንጫው ላይ ደገኑ፤ አንበሳም ወደ ዛፉ ዞረ። «ከርከሮዎቹ ናቸው የላኩህ?» አለ ቀበሮ። አሁን «እርስዎ» ማለቱን ትቶታል።

ወጋየሁ ጽኑ ነኝ ብሎ ያስብ ነበር። እውነት የያዘ ይችለዋል ብሎም ያምን ነበር። ሲወጋ «አይደለም» አለ። ሲደገም «አይደለም» አለ። ከዚያ በኋላ የሌላ የሚመስል ድምፅ «አዎ! እነሱ ናቸው!» ሲል ሰማ፤ ድምፁ የራሱ ነበር። ከዋርካ ሥር እንደተገናኙ፣ የሥራ ሥር ማሳ ቃል እንደገቡለት፣ የመሪያቸውን ሹክሹክታ ሳይቀር ተረከ። እንዲህ አንደበተ ርቱዕ መሆኑን አያውቅም ነበር።

አንበሳ ከዛፉ ዞሮ በእርካታ ተነፈሰ። «አሁን ገና እውነት እውነት ሸተተኝ» አለ፤ ወዲያውም በከርከሮዎች ላይ ጦርነት ታወጀ። አንበሳም ጎፈሩን አስበጠረ።

ወጋየሁን ከምግባሩ ጋር አንድ ዋሻ ውስጥ አስረው ጦሩ በነጋታው ዘመተ። ረፋዱ ላይ ማንጠግቦሽ መጣች። የሁለቱንም ሐረግ በጥርሷ በጠሰችው።

«ይቅር በለኝ» አለ ወጋየሁ።

ምግባሩ ይቅር ብዬሃለሁም አላለ፣ አላልኩህምም አላለ። ያበጠ እግሩን እየጎተተ ቁልቁለቱን ወረደ።

ጃርቶቹም ልጆቻቸውን ይዘው ተራራውን ለቀቁ፤ ብዙ ተጉዘው ከአንድ ሩቅ ጫካ ደረሱ። የዚያ አገር ሽማግሌዎች፣ ጉሬዛና ዝንጀሮ፣ በወግ ተቀበሏቸው። «በአገርህ ሥራህ ምን ነበር?» አሉት።

«ምርኮኛ እየወጋሁ እጠይቅ ነበር» አለ ወጋየሁ። መዋሸት ሰልችቶታል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ፊታቸው በደስታ በራ። «እሰይ! እኛም ከወንዙ ማዶ ካሉት ጋር ጦርነት ላይ ነን። ትናንት አንድ ማርከናል። እባክህ አንተ ጠይቅልን!»

ወጋየሁ ሚስቱን አያት። እሷ ዕቃዋን ገና አላወረደችም።

«ልትሰሙት የምትፈልጉትን ብቻ ንገሩኝ» አለ ለሽማግሌዎቹ። «እኔው መልሼ እነግራችኋለሁ። ለዚህ ማንንም ማሰር አያስፈልግም።»