እትዬ ጥሩነሽ የዘጓት መስመር

በየሙያው ማንም ያልጠየቀው ጉራ አለ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ አሥር ጊዜ ካላንቀጫቀጨ አንዲት ፀጉር አይቆርጥም። የታክሲ ሾፌሩ አንድ እጁን በመስኮት ካላንጠለጠለ መንጃ ፈቃዱን የተነጠቀ ይመስለዋል። እናንተም የራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ እኔ ምን አገባኝ። የእኛ፣ ማለትም ፕላን በኮምፒውተር የምንስል ሰዎች ጉራ ግን ያለው ግራ እጃችን ላይ ነው።

ላስረዳችሁ። ካድ የምንለው የፕላን መሥሪያ ፕሮግራም ከስክሪኑ ግርጌ አንዲት ጠባብ መስመር አለችው፤ ኮማንድ ላይን እንላታለን። ከላይ በትንንሽ ሥዕል የተደረደሩ ምልክቶች ስላሉ በማውስ እየነኩ መሥራት ይቻላል። እሱ ግን የጀማሪ ነው። በስሏል የሚባለው ሰው ግራ እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ፣ ፊደሎቹን ሳያይ፣ አንድ ሁለቱን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ትእዛዙን እዚያች መስመር ላይ ይጽፋል። እሷም «ከየት? ስንት?» እያለች ትጠይቃለች፤ ይመልስላታል። ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ በላይ ባለችው ቢሯችን ውስጥ በዚህ ጨዋታ የሚደርስብኝ አልነበረም። ይህን የምለው ራሴ ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለኝም።

እትዬ ጥሩነሽ ቢሯችን የገቡት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ዘመናቸውን ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው፣ በቀለም ብዕርና በማስመሪያ ፕላን ሲስሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ያኔ የተሳሳተ መስመር የሚጠፋው በምላጭ ተፍቆ ስለነበር፣ ከማስመራቸው በፊት ብዙ ማሰብ ለምዶባቸዋል። ኮምፒውተሩን ያስተማረቻቸው ልጃቸው ናት። የመጀመሪያ ቀን ከመካኒሳ በታክሲ መጡና መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ፤ ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ወልወል አደረጉት።

«ይቺ ከሥር የምትለፈልፈው ምንድን ናት?»

«ትእዛዝ የሚጻፍባት ናት፣ እትዬ።»

«ወረቀቴን ወሰደችብኝ እኮ» አሉና ዘጓት።

ዘጓት! መኪና እየነዳ መሪውን ነቅሎ በመስኮት የጣለ ሰው ያየሁ ያህል ደነገጥኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለዚያች መስመር ይሠሩ ጀመር። ምልክቱን በማውስ ይነካሉ፣ መስመሩን ይጎትታሉ፣ ርዝመቱን ከጠቋሚዋ አጠገብ ብቅ በምትለው ትንሽ ሳጥን ይሞላሉ፤ ዓይናቸው ከሥዕሉ ላይ ንቅንቅ አይልም። ቀርፋፋ ናቸው፣ አልዋሻችሁም። እኔ አንድ ፎቅ ስጨርስ እሳቸው አንድ መኝታ ቤት ላይ ናቸው። ደግሞ በየመሀሉ ክፍሉን አጉልተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ተኝተው ይሆን ብዬ አንድ ቀን ምን እንደሚያዩ ጠየቅኳቸው።

«ገብቻለሁ እኮ» አሉኝ። «በሩን ስከፍተው አልጋው ጋ ይላተማል።»

ስቄያለሁ፤ ግን በሩን አየሁት። ይላተማል።

በዚህ መሀል አቶ ገመቹና ታናሽ ወንድማቸው አቶ ለሜሳ መጡ። ቤተሰቡ ፉሪ ከጥንት ጀምሮ ሲያርስ የኖረ ነው፤ አሁን እርሻው ወደ ቤት እየተለወጠ ነው። ወንድማማቾቹ የቀረችውን ግቢ ለሁለት ተካፍለዋል። የታላቅየው ቤት በስተምዕራብ ነው፤ እሱን ቀደም ብለው አዘውን፣ እትዬ ጥሩነሽ ቀስ ብለው፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበትን ሴፕቲክ ታንክ ምዕራብ ጥግ ላይ አድርገው ስለውት አልቋል። አቶ ለሜሳ ደግሞ የእሳቸው ቤት ልክ እንደ ወንድማቸው ሆኖ በሮቹ እንዲተያዩላቸው ፈለጉ። ሲወጡ አቶ ገመቹ ዞር ብለው እንዲህ አሉ፦

«ኢንጂነር፣ በስተምሥራቅ ጥግ እናታችን የምትቀዳበት የውሃ ጉድጓድ አለ። ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። እሱን ብቻ አደራ።»

«አይዞዎት» አልኩ። ኢንጂነር አይደለሁም። እዚህ ሰፈር ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሁሉ ኢንጂነር ነው፤ ማንም ማስረጃ ስላልጠየቀኝ እኔም አላስተባበልኩም።

በማግስቱ አቶ ለሜሳ ብቻቸውን መጥተው አጠገቤ ቆመው ሳለ ጥበቤን ላሳያቸው ፈለግሁ። የወንድማቸውን ፕላን እንዳለ መረጥኩ። በግራ እጄ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ በሁለቱ ግቢዎች ወሰን ላይ ሁለት ነጥብ። መስመሯ «የመጀመሪያው ይጥፋ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አይጥፋ አልኳት። በቃ። ቤቱ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ በታናሽየው ግቢ ላይ በቀለ። አቶ ለሜሳ አጨበጨቡልኝ። እኔም በቆረጣ እትዬ ጥሩነሽን አየኋቸው፤ እሳቸው መስኮት እያስገቡ ነበር።

ፕላኑ ወደ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ በሚገባበት ቀን ጠዋት፣ ማተሚያውን ከፍቼ ወረቀት እየሞላሁ ሳለ እትዬ ጥሩነሽ ጠሩኝ።

«ዳዊት፣ ና እስቲ አንዴ።»

«እትዬ፣ ላትም ነው እኮ።»

«ትደርሳለህ። ና፣ አብረን እንግባ።»

የአቶ ለሜሳን ግቢ አጉልተው ከፍተውታል። ጠቋሚዋን ከግቢው በር አስነሱና በቀስታ ይዘዋት ሄዱ። «ይኸው እናትየው ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። በዚህ በኩል አለፉ። ጉድጓዱ ጋ ደረሱ። አጠገቡ ምን አለ?»

አየሁ። የግቢው ካርታ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዳይነካ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ጉድጓዱ አልተገለበጠም፤ ቤቱ ግን ያለውን ሁሉ ይዞ ተገልብጧል። ከምዕራብ ጥግ የነበረው ሴፕቲክ ታንክ ምሥራቅ ጥግ ሄዶ፣ ከመጠጥ ውሃው ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጧል። ፈቃዱ እንደወጣ የሚቆፍሩት ሰዎች ተቀጥረዋል። የሚያጣራ ሰው የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። የማጣራው እኔ ነኝ።

እንዴት አላየሁትም? ሥዕሉን መቼ አየሁትና! ከሥር ካለችው መስመር ጋር እያወራሁ ነበር። ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፤ ስለ ጉድጓዱ ግን አልጠየቀችኝም።

እትዬ ጥሩነሽ ታንኩን በማውስ ያዙና፣ ሙሉ ብርጭቆ እንደሚያሳልፍ ሰው ተጠንቅቀው ከጉድጓዱ ወደሚርቀው ጥግ ወሰዱት፤ ቧንቧዎቹንም ተራ በተራ መለሷቸው። ቀኑ አለቀ። ፕላኑ የገባው በማግስቱ ነው፤ ለምን ዘገየ ብሎ የጠየቀኝም የለም። እነዚያን እጆች ሳይ ዋልኩ። በዚህ ሙያ እንደዚያን ቀን ሰው አክብሬ አላውቅም፤ ይህንንም ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፣ ለእናንተ ነው የምነግራችሁ።

እኔም መስመሯን ዘግቼ ሞከርኩ። ሲጋራ እንዳቆመ ሰው ግራ እጄ የሚገባበት ጠፋው። በሦስተኛው ቀን መልሼ ከፈትኳት። ግን ክፍል ጨርሼ ወደሌላ ከመሄዴ በፊት፣ አሁን አሁን ትንሽ እቀመጣለሁ።

ፈቃዱ ወጥቶ አቶ ገመቹ ሊያመሰግኑ ሲመጡ «ፈጣን ነህ አሉኝ» ብለው እጄን ሲጨብጡ አላስችል አለኝ። ጉድጓዳቸውን ላበላሸው እንደነበርና ያዳኑት እትዬ ጥሩነሽ መሆናቸውን ተናገርኩ።

«እሳቸውማ እንዴት ይስቱታል?» አሉ አቶ ገመቹ። «ሥራውን ሳይጀምሩ ቅዳሜ መጥተው ከእናቴ ጋር ውሃ ሲቀዱ ውለው አይደል የሄዱት።»

ዞሬ እትዬ ጥሩነሽን አየኋቸው።

«የማላውቀውን ግቢ ምን ብዬ ልሳል?» አሉ፣ ከስክሪኑ ሳይነሱ።

የፉሪን ቤቶች ስስል ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አንዱንም ግቢ ሄጄ አይቼ ግን አላውቅም። ፉሪ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ታክሲ ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ ተነሥቼ ሄድኩ። የወንድማማቾቹ እናት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፕላኑን ከሚሠሩት አንዱ መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ያቺ ደግ ሴትዮ ናት የላከችህ?»

«አዎ፣ እማማ። እሳቸው ናቸው።»

«ኮቱ፣ ና ጠጣ» አሉና በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ አፈር አፈር ይላል። ጠጣሁት። ደገሙኝ፣ ጠጣሁ። ሦስተኛውን ሲቀዱልኝ ግን ፊታቸውን ማየት አቃተኝና ጉድጓዱ ላይ አጎነበስኩ።

«ምን ጣልክ ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም፣ እማማ። እያየሁ ነው።»