ጥይት የማይበሳው ፒጃማ

ሰው ምን እንደሚፈራ ማወቅ ከፈለጋችሁ አፉን አትስሙ። ሌሊት ስልኩ ላይ ምን ሲገበይ እንደሚያድር እዩ። ደፋር ነኝ በሚለው ሰው የስልክ መገበያያ ጋሪ ውስጥ ሁለት መቀርቀሪያና ሦስት አምፖል ታገኛላችሁ። ጤነኛ ነኝ የሚለው የደም ግፊት መለኪያ መርጦ አስቀምጧል። ባለፈው ጸደይ የኔን ጋሪ የከፈተ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ይሄ ልጅ ጦር ግንባር ሊዘምት ነው እንዴ ባለ ነበር። የምሄደው ግን ወደ አልጋዬ ነበር።

ባለቤቴ ሰናይት በጥር ሞተች። ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች፤ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ካልጋሪ፣ ኮርነርስቶን ሰፈር ባለው ቤታችን እኔና የአራት ዓመት ልጃችን ሊያ ቀረን። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ሌሊት እፈራለሁ። ሁለቱም ሙሉ ሥራ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን የዕረፍት ቀን የለውም።

ሌባ ድሮም ነበረ። ድሮ ግን አልፈራውም ነበር። ቢመጣ ምን ይወስዳል? ቴሌቪዥኑን። ይውሰደው። አሁን ግን ሊያ ያላት አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ይሄ አንድ ሰው ደረጃ ላይ ወድቆ ቢቀር ጠዋት ሲሪያሉ ላይ ወተት የሚያፈስላት ማነው? ይህን ጥያቄ አንዴ የጠየቀ ሰው ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር በወሬ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የሰፈራችን ሰዎች ደግሞ የቻት ግሩፕ አላቸው። ሌሊት አንድ ሰው የመኪኖችን በር እየነካካ አለፈ ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ያየውንም ያላየውንም ይጽፍ ጀመር። አንድ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የኔም ስልክ ጮኸ፤ በሬ ላይ የተገጠመው ካሜራ በግቢዬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቷል። ዘልዬ ተነሥቼ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ጥንቸል ነበረች። የካልጋሪ ጥንቸል ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ጆሮዋ ከኔ ክንድ አይተናነስም፤ ሰው አትፈራም፤ ቆማ ካሜራውን አየችው። ከሁለታችን ማን ማንን እንደፈራ ቪዲዮው ይናገራል።

ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርኩም። የማልናገርበት ምክንያት ነበረኝ። የሰናይት አክስት እትዬ ጽጌ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ በኦኮቶክስ ነው የሚኖሩት። ሰናይትን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እዚያው የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ከሰናይት ቀብር ወዲህ ሦስት ጊዜ፣ እስክትረጋጋ ድረስ ልጅቷን እኔ ልያዛት ብለውኛል። በደግነት ነው የሚሉት፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። ሊያን አንዴ ከሰጠሁ፣ መረጋጋቴን አይቶ የሚመልስልኝ ማነው? ስለዚህ ሲደውሉ የተረጋጋ ሰው ድምፅ አወጣለሁ። የተረጋጋ ሰው ምን እንደሚያወራ ስለማላውቅ ስለ አየሩ አወራለሁ። እትዬ ጽጌ እኔ በሌሊት የጦር ልብስ እንደማማርጥ ቢሰሙ፣ በዚያው ቀን ሊያን በመኪናቸው ጭነው በሃይዌይ ቱኤ ወደ ኦኮቶክስ እንደሚነዱ እርግጠኛ ነበርኩ።

ግን ማማረጡን አልተውኩም።

ጥይት መከላከያ ሰደርያ መምረጥ ቀላል ይመስላችኋል? እኔም መስሎኝ ነበር። ለካ ለስላሳ አለ፣ ጠንካራ አለ። ለስላሳው ከሸሚዝ ሥር ይለበሳል። ጠንካራው ደረትና ጀርባ ላይ እንደ ትሪ ያለ ጠንካራ ሰሌዳ ይገባበታል። ጥይት የሚያቆመው ቢላዋ ላያቆም ይችላል፤ ቢላዋ የሚያቆመው ጥይት ላያቆም ይችላል። እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ ከሌባው ጋር መመካከር ሊኖርበት ነው። የገዙ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት አነበብኩ። አንዱ አምስት ኮከብ ሰጥቶ፣ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲቀመጡበት ይመቻል ይላል። ሌላው አንድ ኮከብ ሰጥቶ ብብቴን ላጠኝ ይላል። ተኝቼበት አየሁት የሚል ግን አንድም ሰው የለም። የኔ ጥያቄ ደግሞ እሱ ነበር። ሌባ ሲመጣ ነው የሚለበሰው ወይስ ተለብሶ ነው የሚታደረው? ሲመጣ ከሆነ፣ ወንድሜ አንዴ ቆየኝ ብዬው እስካጠብቀው ድረስ ይታገሰኛል? ለብሼ ካደርኩ ያልበኛል፤ ያላበው ሰው ብርድ ይመታዋል፤ ብርድ የመታው ሰው ራሱን ያመዋል። ራሴን አሞኛል የሚለው ነገር ደግሞ እኛ ቤት ምን እንደሚያስከትል ነግሬያችኋለሁ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሻጩ ጋ ደወልኩ። ትሑት ሰው ነው። ቁመቴንና የደረቴን ስፋት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ፣ ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን አለህ ወይ አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ። አለሁ አለ። የልጅ እንደማይሸጥ፣ ቢኖረውም እንደማይሸጥልኝ ነገረኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጌታዬ፣ አንተ ራስህ ግን ደህና ነህ ብሎ ጠየቀኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ገበያተኛውን ደህና ነህ ወይ እያለ የሚጠይቅ ነጋዴ እንዴት እንደሚያተርፍ አላውቅም።

በመጨረሻ ለአንድ ሰው መናገር ግድ ሆነብኝ። ዳዊት የልብ ጓደኛዬ ነው። መሀል ከተማ አንድ ፎቅ ላይ ሴኩሪቲ ነው፤ ሥራው ላይ ይህንኑ ሰደርያ፣ እነሱ ቬስት የሚሉትን፣ ይለብሳል። ሳልጨርስ ሳቀ። ብሬ፣ ጠላትህ ማነው፣ ጥንቸሏ ናት ወይ አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ መሳቁን ተወ። በክፍለ ሀገራችን በአልበርታ ይህን ነገር ቤት ለማስቀመጥ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ እሱ በሥራው ምክንያት እንደሚይዘው፣ እኔ ግን ለምን እንደፈለግሁት ጽፌ ማመልከት እንዳለብኝ አስረዳኝ።

እስቲ ምን ብዬ ልጻፍ? ሰናይትን የወሰዳት በበር አልገባም። ካሜራው ላይም የለም። እውነቴን ነው፣ የጥርን ቪዲዮ ወደ ኋላ መልሼ አይቻለሁ። ሲገባም ሲወጣም የሚታየው አምቡላንስ ብቻ ነው። ይህን በየትኛው መስመር ላይ ይሞሉታል?

እሑድ ማታ ዳዊት ከሥራ ሲወጣ ራት ሊበላ መጣ። ቬስቱን ይዞት ነበር፤ ቢያንስ ለብሰህ ልክህን እወቅ አለኝ። ዳዊት አጭርና ሰፊ ነው። እኔ ረጅምና ቀጭን ነኝ፤ ከጥር ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ለበስኩት። ቬስቱ ደረቱና ጀርባው ላይ በትልልቅ ፊደል ሴኩሪቲ ተብሎ ተጽፎበታል። ሊያ አየችኝና፣ "ዳዲ፣ ባክፓክ ቦርሳውን ለምን በፊት ለፊት ለበስከው?" አለች። ዳዊት ሳቁን ለመደበቅ ወጥ ሊጨምር ተነሣ። ሲሄድ፣ እባክህ አንድ ሌሊት ተውልኝ ብዬ ለመንኩት። ይሄ እኮ ለሙከራ የሚለበስ ጫማ አይደለም፣ ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው አለ። ቀጥሎ ሊያን አየ፣ እኔን አየ፤ ጠዋት ከሺፍቴ በፊት መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎ ጥሎልኝ ሄደ።

ሊያን አስተኛሁ። በሮቹን ሁሉ ዘጋሁ፤ ዘግቼ እንደገና ፈተሽኩ። ከዚያ በፒጃማዬ ላይ ቬስቱን ለብሼ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ጋደም ማለት ካልነው ነው። በጀርባዬ ስተኛ አንገቴ ይነሣል፤ በጎኔ ስተኛ ጠርዙ አገጬ ሥር ይገባል። ቬልክሮውን፣ ያን የሚጣበቀውን ማሰሪያ፣ ላላላው ስል ደግሞ እንደሚቀደድ አሮጌ ሸራ ጮኸ፤ ሊያ ክፍሏ ውስጥ ስትገላበጥ ሰማሁ። ልጄን ከሌባ የሚጠብቅልኝ ልብስ ልጄን ሊቀሰቅስብኝ ነው። እንዳለ ተውኩት።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። የተኛሁበት ክፍል ወለል ተንቀጠቀጠ። መኝታ ቤቴ ከጋራዡ በላይ ነው። የጋራዡ በር እየተከፈተ ነበር።

ስንት ሌሊት የተዘጋጀሁበት ሰዓት ደረሰ። ስንት ገጽ አንብቤ፣ ስንት ኮከብ ቆጥሬ፣ ምን አደረግሁ? ምንም። በመጨረሻ ተነሣሁ። መሣሪያ ፈለግሁ። ያለኝ አንድ የበረዶ አካፋ ነው፤ እሱም ጋራዥ ውስጥ ከሌባው ጋር ነው። የሊያን መጫወቻ ስኩተር አንሥቼ ደረጃው አናት ላይ፣ በሯ ፊት ቆምኩ። መሞቱ አልነበረም ያስፈራኝ። ጠዋት ተነሥታ እዚህ ደረጃ ላይ የምታገኘኝ እሷ መሆኗ ነበር።

ከጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባው በር ተከፈተ። ትልቅ ነጭ ከረጢት የተሸከመ ሰው በጨለማ ገባ። ማብሪያውን በዳበሳ ሳይሆን በልምድ ነካው። መብራቱ በራ።

እትዬ ጽጌ ናቸው። የወጥ ቤት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ቬስቱን አዩ፣ ስኩተሩን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

"የሌሊት ጥበቃ ሥራ ገባህ?" አሉኝ። "ልጅቷን ለማን ትተህ ልትወጣ ነው?"

አስቡት እንግዲህ። አዎን ብል፣ የአራት ዓመት ልጅ ብቻዋን ቤት ዘግቶ የሚሄድ አባት ነኝ። አይደለም ብል፣ በገዛ ቤቱ ጥይት መከላከያ ለብሶ የሚተኛ አባት ነኝ። በሁለቱም በኩል ሊያ ኦኮቶክስ ናት። ስለ አየሩ ላወራ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው አሰብኩ። ግን ደክሞኝ ነበር።

"አይ እትዬ፣" አልኩ፤ "ፈርቼ ነው።"

ከረጢቱን አስቀምጠው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ፤ አጠገቤ ሲደርሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ስኩተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። እጃቸውን ዘርግተው ደረቴን በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ አደረጉት፤ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። ይህን ለብሼ መተኛቴን ጠየቁኝ። እየሞከርኩ ነው አልኳቸው። ስንት ሌሊት እንዲህ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ከጥር ጀምሮ አልኳቸው። እንግዲህ አለቀልኝ፣ ያለኝን ሁሉ አስረከብኩ ብዬ ፍርዴን ስጠብቅ፣ የቬስቱን ጠርዝ እያገላበጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ለሴት የሚሆንስ አለው?" አሉኝ።

እንደማይቀልዱ ገባኝ። እትዬ ጽጌ በሕይወታቸው ቀልደው አያውቁም። ከዚያ ነገሩኝ። ከሰናይት ቀብር ወዲህ እሳቸውም ቤታቸው ውስጥ መብራት አጥፍተው አያውቁም። ከበሩ ኋላ ወንበር ይደግፋሉ፤ በወንበሩ ላይ ድስት ያስቀምጣሉ፣ ሲወድቅ እንዲያነቃቸው። ድስቱ ግን አልወደቀም፣ እሳቸውም አልተኙም። ያን ቀን ከሺፍት ወጥተው ቤታቸው ደጃፍ መኪና ፓርክ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። መግባት አቃታቸው። ሞተሩን አስነሥተው ወደ እኛ ነዱ።

"ልጅቷን ስጠኝ ስልህ የከረምኩት ለሷ ብዬ እንዳይመስልህ" አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። "ብቻዬን ማደር ፈርቼ ነው።"

እዚያ ደረጃ ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠናል። አንደኛው ስኩተር ይዟል። አንደኛዋ የአራት ዓመት ልጅ ለዘበኝነት ሊቀጥሩ ሦስት ጊዜ አመልክተዋል። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ፤ እሳቸውም አብረውኝ ሆኑ። ሊያን እንዳንቀሰቅስ ሁለታችንም አፋችንን ያዝን።

ስንረጋጋ፣ ለመሆኑ እንዴት ገቡ አልኳቸው። ጥያቄው ገረማቸው። በኮዱ ነዋ አሉ። የለቅሶ ቤት በር እንደማይዘጋ እናንተም ታውቃላችሁ። የካልጋሪ የጥር ብርድ ደግሞ በር ከፍቶ አያስቀምጥም። ስለዚህ ያኔ ዳዊት የጋራዡን በር መክፈቻ ኮድ ለለቀስተኛው ሁሉ በስልክ ላከ፤ ሰው ሳያንኳኳ እንዲገባ። እኔ ይህን ረስቻለሁ። ካሜራ ላይ ሳፈጥ፣ መቀርቀሪያ ስፈትሽ፣ ለጥይትና ለቢላዋ የሚሆነውን ልብስ ስለይ፣ የሀገር ልጆች ማኅበራችን ሰው በሙሉ፣ ካህኑ ሳይቀሩ፣ የቤቴን ኮድ በስልካቸው ይዘው ይዞሩ ነበር።

ነጩ ከረጢት ውስጥ ትራሳቸው ነው የነበረው፤ ለካ ወደ ሥራ ሲሄዱ ነው ከቤት ይዘውት የወጡት። ለዛሬ ብቻ አሉ። ሊያ ክፍል ገብተው ከጎኗ ተኙ። ጠዋት ዳዊት ቬስቱን ወሰደ። ይህ የሆነው በግንቦት ነው፤ አሁን ጥቅምት ነው። እትዬ ጽጌ እዚሁ ናቸው፤ ወደ ሥራቸው የሚመላለሱት ከዚህ ነው። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነሡ መቀርቀሪያዎቹን ይፈትሻሉ። እኔም በኮቴያቸው እደነግጥና ማነው እላለሁ። እኔ ነኝ፣ ተኛ ይሉኛል። አንዳንዴ እተኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ እንግዲህ ይሄን የጋራዥ ኮድ እንቀይረው አልኳቸው። በዋዜማው ሌሊት ብቻ በሩን ሦስቴ የፈተሹት ሴትዮ፣ ነውር እንደተናገረ ሰው አዩኝ።

"ኧረ ተው" አሉኝ፤ "ሰው ሲመጣ በምን ይገባል?"