ሙቅ ውሃ ለናሆም

"እኔ ቧንቧ መጠገን አልችልም" ብሎ በሙሉ አፉ የሚናገር ወንድ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። መኪና መንዳት አልችልም የሚል አለ። መዋኘት አልችልም የሚል አለ። ወጥ መሥራት አልችልም ብሎ የሚኮራማ ሞልቷል። ነገሩ ቧንቧ ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም ሙያውን ከእናታችን ሆድ ይዘነው የወጣን ይመስል እጅጌያችንን እንሰበስባለን። "ምን አላት ይቺ! ማጥበቅ ብቻ እኮ ናት!" እንላለን። ውሃ ይህን ሲሰማ ምን ያህል እንደሚስቅብን የገባኝ ዘንድሮ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የጊቤን ወንዝ ከምንጩ ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው! ያን የሚያህል ወንዝ በጠመኔ ስመራ ኖሬ፣ አንዲት የግማሽ ኢንች ቧንቧ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መውሰድ ያቅተኛል? ያቅተኛል። ግን አትቸኩሉ፣ እንደርስበታለን።

የምኖረው እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። አንዲት ልጃችን ሰላማዊት አዲስ አበባ አግብታ ትኖራለች፤ ወንድ ልጅም ወልዳለች። ናሆም ይባላል፣ ሰባት ወሩ ነው። የልጅ ልጄን የማውቀው በስልክ ነው። እናቱ ስልኩን እንዴት አድርጋ እንደምትይዘው እንጃ፣ ሁልጊዜ የሚታየኝ ግንባሩ ነው። አገጩ ወደ ማን እንደሄደ እስካሁን አላረጋገጥኩም።

ይዘሽው ነዪ ባልኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው። "አባዬ፣ ያ ቤት እኮ ይበርዳል። ሙቅ ውሃ የለው፤ ሕፃኑን በምን አጥበዋለሁ?" ትለኛለች። የጅማ ጠዋት በኅዳርና በታኅሣሥ እንደሚበርድ አልክድም። እሷ ራሷ ግን እዚሁ ቤት፣ በድስት በሞቀ ውሃ ታጥባ ያደገች ልጅ ናት! ቢሆንም ከዘመኑ ወላጅ ጋር ማን ይከራከራል? ለገና ቦይለር ይጠብቅሻል አልኳት። ከሠራማ እንመጣለን አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋት የምነሳበት ምክንያት አገኘሁ።

ቦይለሩን ገዛሁና ባለሙያ ፍለጋ ገባሁ። ቡና በደረሰ ሰሞን ጅማ ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? በዚህ ወቅት ግንበኛውም፣ አናጢውም፣ ቀለም ቀቢውም ቡና ነጋዴ ነው። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር አንድ የታወቀ ቧንቧ ሠሪ አለ ብለው ቁጥሩን ሰጡኝ። ስደውልለት፣ "እየመጣሁ ነው ቲቸር" አለኝ፤ ከጀርባው ግን ሰዎች በሚዛን ሲጨቃጨቁ ይሰማል። በማግስቱ ደርሻለሁ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደርሷል፤ የደረሰው ግን ሸቤ ከተማ፣ ቡና ገበያ ነው። በሦስተኛው ቀን ስልኩን አላነሳም። እኔም እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን ውሃ ጥቂት ልበል። ውሃችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እኔ አላገኘሁትም። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ዘዴ አለን፤ ቧንቧውን ከፍተን፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠን እንተወዋለን። ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ባልዲው ሲንጫጫ ሮጠን እንደርሳለን። ብቻውን ለሚኖር ሰው የቧንቧ ሳል ቀላል ነገር አይደለም። ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያስል እሱ ብቻ የሆነበት ሳምንት ስንት ነው!

እናላችሁ፣ ቦይለሩን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። የድሮዋን ቧንቧ ፈታኋት። ገና አዲሱን ልገጥም ስል፣ መገጣጠሚያው ላይ የሚጠቀለለው ቴፍሎን አለቀብኝ። ገበያ ልወጣ ነው። ታዲያ ዋናውን መዝጊያ ልዝጋው? ለምን ብዬ! ውሃ ከመጣ ስድስት ቀን አልፎታል። ደግሞስ ከዘጋሁት፣ ሲመጣ በምን እሰማለሁ? ቧንቧዋን አፏን እንደከፈተች ትቻት ወጣሁ። እኔ ገበያ ሆኜ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚሰማልኝ አላሰብኩም። ለሠላሳ ዓመት ሰሚ የነበረበት ቤት ስለሆነ ይሆናል።

ቴፍሎን መግዛት የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። እኔ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ባለሱቁ ወላይታ የሆነ፣ ጨዋ ጎልማሳ ነው። ቧንቧው ስንት ኢንች እንደሆነ ጠየቀኝ። ከየት ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ማን እንደሚሠራውም ጠየቀኝ። በዚያ ሳምንት ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ስለነበር፣ መልሱን በዝርዝር ሰጠሁት። ስለ ናሆም ግንባርም ነገርኩት። ሰውየው ሦስት ደንበኛ እየሸኘ፣ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

ስመለስ ጎረቤቴ ሐጂ ነስሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። "ያ ረቢ! ቲቸር፣ መል ጎተኒ?" አሉኝ፤ ምን አደረጉ ማለታቸው ነው። ምን እንዳደረግሁ ለማወቅ ወደ ታች ማየት በቂ ነበር። ውሃው በሌለሁበት መጥቷል። መታጠቢያ ቤቱን ሞልቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ በጓሮ በር ወጥቶ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ሐጂ ግቢ ገብቷል። እዚያ ደግሞ ከነገለባው ሸራ ላይ የተሰጣ፣ ሊደርቅ ጥቂት የቀረው ጀንፈል ቡናቸው ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። እኔ የሠራሁት ወንዝ ከተፈጥሮ ወንዝ በምንም አያንስም፤ ገባሮች ብቻ ናቸው የቀሩት።

ዋናውን መዝጊያ የዘጉት ራሳቸው ሐጂ ናቸው። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ጠፍቶኝ ስንተባተብ፣ "አብሽሩ ቲቸር፣ ፀሐይን አላህ ይሰጣል። እርስዎ ይልቅ ቤትዎ ውስጥ ዓሣ ሳይገባ ይጥረጉ" አሉኝ። ቤቴን ጠርጌ፣ በማግስቱ ጠዋት ግቢያቸው ተገኘሁ። አራት ቀን ሙሉ ቡናውን አብሬያቸው አገላበጥኩ። እሳቸው ስለ ሦስት ሴት ልጆቻቸው ያወራሉ፣ እኔ ስለ አንዷ። ወላሂ ልጅ ማለት እንግዳ ነው ብለው ሲያዝኑ፣ እኔም አብሬ አዝናለሁ። እውነቱን ልናገር? ቡናው ቶሎ እንዳይደርቅ የተመኘሁበት ጠዋት አለ። ያሳፍራል እንጂ፣ ሰው ብቻውን ሲከርም እንዲህ ያለ ክፋትም ያስባል።

ሁለተኛው ሙከራ ሐጂ ባሉበት ተካሄደ። ቦይለሩ ሥር ካሉት ሁለት አፎች ሰማያዊው ለቀዝቃዛ፣ ቀዩ ለሙቅ መሆኑን ነገሩኝ። ይህማ ለመምህር አይነገርም ብዬ ኮራሁባቸው። ውሃው መጣ፣ ቦይለሩ ሞቀ፣ ሻወሩን ከፈትኩ። በረዶ! ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ፣ ሐጂ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቀቁት። ከመቀመጫው እንፋሎት ተነሳ። ከጅማ ጡረተኞች መካከል ሽንት ቤቱን በፈላ ውሃ የሚያጥብ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሐጂ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያ ቤት ሳቅ ከሰማ ቆይቶ ስለነበር፣ እኔም አልተቀየምኳቸውም።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን ተሳካልኝ። ፈትቼ፣ አዙሬ፣ ቴፍሎኑን ጠቅልዬ ገጠምኩት፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ጊዜው ቀትር ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከሻወሩ የሚወርደው ውሃ ይጨሳል። እዚያው ቆሜ ሰላማዊት ጋ ደወልኩ። ሠራ! ስሚው እስቲ! ብዬ ስልኩን ወደ ውሃው አስጠጋሁላት።

ራስህ ነህ የሠራኸው? አለችኝ። ራሴ ነኝ አልኳት። ድምጿ ጠፋብኝ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ሃሎ ሃሎ ስል፣ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ "አባዬ፣ የእማዬ ጋቢ አሁንም መኝታ ቤቱ በር ላይ ነው?" አለችኝ። ነው አልኳት። ነጠላ ጫማዋስ? አለችኝ። እሱም እዚያው ነው አልኳት።

ለካ ልጄ ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራችው ቀዝቃዛ ውሃ አልነበረም። ለእናቷ አርባ መጥታ ከሄደች ወዲህ ይህን ደጃፍ ያልረገጠችው ለምን እንደሆነ፣ እኔ መምህር የተባልኩት ሰው፣ እጄ ላይ መፍቻ ይዤ ገባኝ። ተቀየምኩ? ለአፍታ ያህል፣ አዎ። ግን በምን አፌ እቆጣታለሁ? እኔስ ያን ጋቢ ከተሰቀለበት ማውረድ መቼ ቻልኩ?

እንግዲያው ለገና ትኬት እቆርጣለሁ አለችኝ። ድምጿን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆና መርፌ ልትወጋ ስወስዳት፣ አልፈራሁም እኮ የምትልበት ድምፅ ነው። ናሆምን አሰብኩ፤ አገጩን አሰብኩ።

ቆይ፣ ቆይ! አልኳት ድንገት። ምን ሆንክ? ብላ ደነገጠች። የሚጨስ ነገር አለ፣ ቦይለሩ ሳይቃጠል አልቀረም አልኳት። ደግሜም፣ አዎ፣ በቃ ተቃጥሏል፣ አይሠራም አልኳት።

"ወይኔ አባዬን! ስትለፋ ከርመህ!" አለች። እፎይ ስትል በስልክ ይሰማል። አይዞህ አለችኝ፣ አንተ ባለሙያ ነህ፣ ሲሠራልህ ትደውልልኛለህ አለችኝ። እደውልልሻለሁ አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ፣ ልብሴን አውልቄ ከሻወሩ ሥር ገባሁ። ውሃው ያቃጥላል።