ቪዲዮ ሲቆረጥ ደስ የሚለው ሰው

ቪዲዮ ሲቆረጥበት ደስ የሚለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ገጠመኝ። ሥራው ስልክ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ኔትወርክ፣ ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ሲሻገር ቪዲዮ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ መለካት ነው። ከመናኸሪያው ሆቴል ዋይፋይ ስንርቅ፣ ስልኩ ላይ ያለው ኳስ ተጫዋች እግሩን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። ሰውየው «እሰይ!» አለ። እንዲህም ያለ እንጀራ አለ!

አጠገቡ የተቀመጡት እማማ ጥሩነሽ ወደ ልጃቸው ምርቃት እየሄዱ ነበር፤ አውቶቡሳችን ግን አርፍዶ ተነስቷል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር የእኔዋን ምርቃት አያሳይም?» አሉት።

«በቀጥታ ከተላለፈ ያሳያል፣ እናቴ» ብሎ ከፈተላቸው።

ዳገቱን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ልጅቷ ከተመራቂዎቹ መሀል ብቅ አለች። እማማ እልል ሊሉ ሲሉ ምስሉ ደረቀ። ሰውየው የለመደበት አፉ «እሰይ!» አለ።

አውቶቡሱ በሙሉ አፈጠጠበት። ሹፌሩ የኋሊት ነድቶ ኔትወርክ ያለበት ዳገት ላይ አቆመ። «እስክትመረቅ ከዚህ ንቅንቅ የለም!» አለ።

እንግዲህ ቆሞ ሽግግር እንዴት ይለካል? የሰውየው ሥራ ገደል ገባ። እሱ ግን ሁላችንም እንድናይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘልን። እልልታው ሲበርድ እማማ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

«ልጄ፣ አምላክ የምትለካው መቆረጥ ያሳጣህ!»

እንጀራ የሚያሳጣ ምርቃት ነው። እሱ ግን ከሁላችንም ቀድሞ «አሜን!» አለ።