አዴ ወርቂቱና የለንሳ ጠባሳ

ሐኪም የሌለበት ቀበሌ ይኖራል፤ ያልተሾመ ሐኪም የሌለበት ሰፈር ግን የለም። የጊንጪው ሰፈራችን አዴ ወርቂቱ አሉት።

አዴ ወርቂቱ ለሳል ነጭ ሽንኩርት፣ ለወገብ የአምቦን ፍልውሃ ያዛሉ፤ የቀረው ሁሉ «ብርድ ነው»። በሽተኛው ከዳነ «አላልኩም?» ይላሉ። ካልዳነ ትእዛዝ አላከበረም ማለት ነው።

ለንሳ መምህርት ናት፤ ከእሳቸው የሚለያት አንድ ግድግዳ ነው። ልጇን በኦፕራሲዮን ከወለደች ወዲህ ጠባሳዋ ዳር ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣችባት። በሁለት ዓመት እንቁላል አከለች። አንዳንድ ቀን ልጇን ማቀፍ ያቅታታል። አንዱ ክሊኒክ «የስፌት ክር ነው» አላት፤ ሌላው «መግል ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ አጎረሳት። አዴ ወርቂቱማ ይታወቃል፣ ብርድ ነው።

የባሰው ግን የእሑዱ ነበር። ለንሳ የወር አበባዋ ሲመጣ እንደ ደንቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። አዴ ወርቂቱ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ምእመኑ እየሰማ ይጠይቋታል፣

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ? ዛሬም ውጭ ነሽ? አበጠ?»

«አዴ፣ በማርያም ቀስ ይበሉ።»

«ምን ቀስ አለው?»

ለንሳ አምቦ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ በነበራት ቀን አዴ ወርቂቱን ማንም አልጠራቸውም። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ቀድመዋት ተቀምጠው አገኘቻቸው። ምርመራ ክፍሉም ድረስ ተከትለው ገቡ።

ዶክተር ሰምሃል እብጠቷን ዳሰሰችና «መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?» አለች።

«እንጃ፣ አንዳንዴ» አለች ለንሳ።

«ምን እንጃ አለው?» አሉ አዴ ወርቂቱ። «ውጭ ጽዱ ሥር ስትቆም ያብጣል፤ ውስጥ ገብታ ስታስቀድስ ይቀንሳል። አሥራ አንድ ጊዜ አይቻለሁ።»

ለንሳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሐኪሟ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ጠባሳ ላይ ሊበቅል ይችላል» አለች። «በየወሩ ከወር አበባ ጋር ይደማል፣ ያብጣል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። እምብርት ላይ፣ አልፎ አልፎ ሳንባ ላይ እንኳ ይገኛል። ክኒን አይነቅለውም፤ ተቆርጦ ይወጣል።»

በአልትራሳውንድ ታየ፤ ከነዙሪያው ተቆርጦ ወጣ። ላቦራቶሪውም የሐኪሟን ቃል አጸና።

«አላልኩም?» አሉ አዴ ወርቂቱ።

«ብርድ ነው ነበር ያሉት።»

«በየወሩ የሚመጣ ብርድ።»

በሦስተኛው ወር ለንሳ ልጇን አቅፋ ጽዱ ሥር ቆመች። ጠባሳዋ ዝም ብሏል። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ወጣ፤ የሚጠይቃት ግን አልነበረም። አዴ ወርቂቱ ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል።

በመንገዷ ነጭ ሽንኩርት ገዛች። የእሳቸው በር ላይ ደርሳ፣ ገና ሳትገባ፣

«አዴ፣ አላበጠም» አለች፤ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ።